በጆሮ የተመረጠ ስልክ

የእህቴ ባል በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ኦፕሬተር ነው። ከመግቢያው በስተግራ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ «ሆስፒታል ነው፣ ማንን ላገናኝዎት?» ማለት ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ከሦስት መቶ በላይ የውስጥ መስመር ቁጥሮችን በቃሉ ስለሚያውቅ ሠራተኛው ሁሉ «ማውጫው» ይለዋል። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ወደ ሆስፒታሉ የሚደውለው ሰው ግን ስለ ጋሼ የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ በስድስት ዓመቱ ኩፍኝ ታሞ ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፍተዋል።

እኔ ደግሞ ቀለም ቀቢ ነኝ። ቤት፣ ቢሮ፣ አጥር፣ የተገኘውን እቀባለሁ። እህቴ ሁለታችን ስንጨቃጨቅ በሰማች ቁጥር «አንዱ ቀለም አያይም፣ አንዱ ከቀለም ሌላ አያይም» ትላለች።

ጋሼ ሰባት ዓመት ያገለገለ አንድሮይድ ስልክ ነበረው። ዓይነ ስውር እንዴት በስማርት ስልክ ይጠቀማል ለሚል ሰው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ስልኩ ውስጥ አንባቢ አለ። ጣትህ ያረፈበትን ሁሉ በድምፅ ይነግርሃል፤ ሁለቴ መታ ስታደርገው ይከፍትልሃል። ጋሼ የአንባቢውን ፍጥነት ከመጠን በላይ ከፍ ስላደረገው፣ እኔ ስሰማው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ነው የሚመስለኝ። እሱ ግን እየበላም እየቀለደም አንድ ቃል አያመልጠውም። ችግሩ አንባቢው ማጥበቅና ማላላት አለማወቁ ነው። «ዋና ነርስ» የሚለውን አላልቶ ስለሚያነበው፣ የሆስፒታሉን ዋና ነርስ ዋናተኛ አደረጋት። ጋሼ ይህንን ለእህቴ ነገራት፣ እሷ ለእኔ ነገረችኝ፣ ሴትዮዋም በእኛ ቤት «ዋናተኛዋ» ተብላ ቀረች።

ስልኩ ያረጀው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ባትሪው አብጦ የጀርባ ክዳኑን ገፋው፤ ጋሼ በላስቲክ አሰረው። ቀጥሎ ከስክሪኑ በታች ያለችው ቁልፍ መጣበቅ ጀመረች። ያቺ ቁልፍ ለእሱ የቤቱ በር ማለት ናት፤ ስልኩ ውስጥ የትም ቢጠፋ እሷን ተጭኖ ወደ መነሻው ይመለሳል። ከዚያ የባንኩ አፕ በዚህ ስልክ አልሠራም አለ። በመጨረሻ አንባቢው ራሱ መዘግየት አመጣ። «ሸምግሏል፤ ስጠራው አቤት ከማለቱ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል» ይል ነበር ጋሼ። አዲስ ግዛ ስንለው ግን «እኔና እሱ ተላምደናል» ብሎ ወሬ ይቀይራል።

ሐሳቡን ያስቀየረው አንድ ማክሰኞ ጠዋት የደረሰበት ነገር ነው። ከአውቶቡስ ሲወርድ ሱሪው ከኋላው ተተረተረ። እንደ ምንም ክፍሉ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ለእህቴ የድምፅ መልእክት ቀዳ።

«የኔ እመቤት፣ ሱሪዬ ከኋላ ተቀዶ መሳቂያ ልሆን ነው። ግራጫውን ይዘሽልኝ ነይ። እስክትመጪ ከዚህ ወንበር አልነሳም፤ ሽንቴ ቢመጣም አልነሳም።»

ጣቱን ስሟ ላይ አሳርፎ ሁለቴ መታ። አንባቢው ዘግይቶ ስሟን ሲጠራ ግን ስክሪኑ ቀድሞ ተንሸራትቶ ኖሯል። መልእክቱ ሄዶ ያረፈው አርባ ሦስት ሰዎች ባሉበት የሥራ ግሩፕ ውስጥ ነው። ላጥፋው ቢል ስልኩ ድርቅ አለበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ዋናተኛዋ መርፌና ክር፣ የቀዶ ሕክምና ካባም ይዛ ከች አለች።

«ማውጫው፣ ይሄን ደርብና ሱሪህን አቀብለኝ። ስንት ሰው ሰፍቻለሁ፣ ሱሪ አያቅተኝም» አለችው።

ቀኑን ሙሉ ከሳቁት ሁሉ ጋር አብሮ ሲስቅ ዋለ። ቤቱ ሲገባ ግን ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«መሳቃቸው አይደለም የከፋኝ» አላት እህቴን። «ሱሪ የማንም ይቀደዳል። ግን የላክሁት ለማን እንደሆነ ሳላውቅ ላክሁ። ነገ የሰው ምስጢር ብልክስ?»

ቅዳሜ ዕለት እህቴ ጠራችኝ። «አብረኸው ሂድ። እንዳያታልሉት ተጠንቀቅ። አንተም በወሬ እንዳታደክመው» አለችኝ።

የመጀመሪያው ሱቅ ሰፊ ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ስልክ የተደረደረበት፣ መብራቱ ዓይን የሚወጋ።

«ጋሼ፣ ዓይኔ አዋጅ ሆነብኝ» አልኩት።

«እኔ ጋ አዋጁ አልደረሰም፤ አንብብልኝ» አለ።

ከረባት ያሰረው ሻጭ ጋሼን ከነነጭ በትሩ አየና ወደ እኔ ዞረ። «እሳቸው ምን ዓይነት ነው የሚፈልጉት?»

እኔም ጅሉ መለስኩ። «ስክሪኑ ሰፋ ያለ፣ ካሜራው ጥሩ የሆነ።» ለዓይነ ስውር ሰው ካሜራ መምረጤን ያስተዋልኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«እንግዲያው ይሄንን ይውሰዱላቸው። ጨረቃን ሳይቀር ጥርት አድርጎ ያነሳል» አለ ሻጩ።

«ጨረቃን አንስቶ የት ሊያስቀምጥልኝ ነው?» አለ ጋሼ። ሻጩ ፈገግ አለ፤ ግን አሁንም የሚያወራው ለእኔ ነበር።

በሁለተኛውም ሱቅ እንደዚያው ሆነ። እንዲያውም እኔ ባሰብኝ። ሰማያዊው ያምራል፣ ጥቁሩ ቆሻሻ ይይዛል እያልኩ ከሻጩ ጋር የሞቀ ክርክር ውስጥ ገባሁ። ጋሼ ክንዴን ለቀቀና ብቻውን በበትሩ መንገዱን እየፈለገ ወጣ። ሮጬ የእግረኛ መንገዱ ላይ ደረስኩበት።

«ስማ» አለኝ። «አንተ የሰው ቤት ስትቀባ ባለቤቱን በር ላይ አቁመህ ጎረቤቱን ነው ምን ቀለም ልቀባ የምትለው?»

«ኧረ ጋሼ...»

«ሁለት ሱቅ ገባን። በሁለቱም እኔን ያናገረኝ ሰው የለም። እነሱስ አያውቁኝም። አንተስ?»

አንገቴን ደፋሁ። አንገት መድፋቴን እንደማያየው ትዝ ሲለኝ «አጥፍቻለሁ» አልኩ።

«በል፣ ቀጥሎ በምንገባበት ሱቅ አፍህን ያዝልኝ። የምፈልገው ክንድህን ብቻ ነው።»

ሦስተኛው ሱቅ ከመንገዱ ገባ ያለ፣ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው በጎን የሚቆምበት ነው። ባለቤቷ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ጠና ያለች ሴት ናት። የተከፈተ ስልክ በትንሽ ብሩሽ እያጸዳች ነበር። ቀና ብላ «እንኳን ደህና መጡ፣ ምን ልታዘዝ?» አለችው፤ ለእሱው፣ ፊት ለፊት።

ጋሼ ነገራት።

«እውነቱን ልንገርዎት» አለች። «ዘጠኝ ዓመት ስልክ ስሸጥ ለማያይ ሰው ሸጬ አላውቅም። የሚፈልጉትን ይንገሩኝ፣ እኔም ልማር።»

ፊቱ ሲፈታ አየሁ። ከመሸጫ ዋጋቸው በቀር ምንም ሳትመርጥ አቅሙ የሚችላቸውን አምስት ስልኮች አውጥታ ባንኮኒው ላይ ደረደረችለት። የመጀመሪያውን አነሳና ጎንና ጎኑን ዳሰሰ፤ ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ ትንሽ ቆየ። ስልኩ በድንገት መናገር ጀመረ። ሴትዮዋ ደንግጣ ብሩሹን ጣለችው።

«ይሄ ነገር ውስጡ ነበር እንዴ?»

«ሁሉም ውስጥ አለ። የሚቀሰቅሰው ሰው ነው የጠፋው» አላት።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ያየሁትን በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ጋሼ በየስልኩ አንድ ዓይነት አጭር መልእክት ይጽፋል፤ አንባቢው ጣቱን ስንት ትንፋሽ ዘግይቶ እንደሚከተል ያዳምጣል። ድምፅ ማውጫው የት እንዳለ በመዳፉ ይፈልጋል፤ ስልኩን ሲይዘው የሚታፈን ከሆነ ፊቱን ያጨማድዳል። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ቀዳዳ የሌላቸውን ሁለቱን ወዲያው ወደ ጎን ገፋቸው። «መንገድ ስሄድ አንዱ ጆሮዬ ለስልኩ ነው፣ ሌላው ለመኪናው» አለ። ጠርዙ የታጠፈና ዙሪያው መስታወት ብቻ የሆነውን ሲይዘው ሊያመልጠው ነበር።

«ይሄ ሳሙና ነው። የጣት አሻራው የት ነው?»

«እዚህ፣ ከመስታወቱ ሥር» አለች።

«ከሥሩ የት?»

ሴትዮዋ ልታሳየው እጇን ሰደደችና መለሰችው። እሷም ሳቀች። «ልክ ነዎት። እኔም ስክሪኑ ላይ በሚበራው ሥዕል ነው የማገኘው።»

በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። አንዱ ወፍራም፣ ቁልፎቹ ጎላ ጎላ ያሉ፣ የጣት አሻራው በጎኑ ጎድጎድ ብሎ የሚገኝ። ሌላው ከእሱ የሚከብድና ድምፁ ትንሽ ጎርነን ያለ። ጋሼ ወፍራሙን ሁለት ጊዜ አንስቶ ሁለት ጊዜ አስቀመጠው።

«ልቤ እዚህ ነው» አለ። «ግን ባለቤቴን ሳላማክር መርፌ እንኳ ገዝቼ አላውቅም። ሰኞ እመለሳለሁ።»

ሴትዮዋ አስቀምጣ ልትጠብቀው ቃል ገባች።

ሰኞ አልተመለሰም። ጋሼና እህቴ አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ሌላ ከተማ የምትሠራ የመንገድ መሐንዲስ። እህቴ የሱሪውን ነገር እየሳቀች ነግራት ነበር። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። እሑድ ዕለት አንድ የሥራ ባልደረባዋ በራችንን አንኳኩቶ የታሸገ ሳጥን ሰጠን። በዚያ ዓመት ከወጡት ስልኮች ሁሉ ውዱ ነው። እህቴ እልል አለች። እኔም ወርቃማ ቀለሙን እያገላበጥኩ አደነቅኩ። ጋሼ ተቀብሎ ጠርዙን ዳሰሰው፤ ጀርባውን ዳሰሰው፤ የማዳመጫ መሰኪያ ቀዳዳውን ፈልጎ አጣው። ከዚያ ለልጁ ደወለና «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ አኮራሽኝ» አላት። ሳሙናው የተባለው ስልክ ታላቅ ወንድም መሆኑን እኔም አይቼ ነበር፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገር? ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። በዚህ መሐል የሆስፒታሉን ምድር ቤት ኮሪደር የመቀባት ሥራ አገኘሁ። መሰላሌን የዘረጋሁት ከኦፕሬተሩ ክፍል ፊት ለፊት ነው፤ በሩ ለአየር ሲባል ክፍት ይውላል። በመጀመሪያው ቀን ከላይ ሆኜ ወደ ውስጥ ስመለከት፣ ጠረጴዛው ላይ ያ በላስቲክ የታሰረው አሮጌ ስልክ ተቀምጧል።

ወርጄ ገባሁ። «ጋሼ፣ አዲሱስ?»

መሳቢያውን ሳበ። ወርቃማው ስልክ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«አንድ ሳምንት ታገልኩት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስይዘው መዳፌ ጠርዙን ይነካና ያልጠራሁትን ይከፍታል። አሻራዬን ከአሥር አንዴ ነው የሚያውቀው። አንድ ቀን ዋና ሐኪሙ ጋ ደወለ፣ በራሱ! ሲም ካርዱን ወደ አሮጌው መለስኩት። ቤት ስገባ አዲሱን በእጄ ይዤ እገባለሁ። ለእህትህ እንዳትነግራት።»

«ለልጅህስ ለምን አትነግራትም?»

«ምን ብዬ? ከጉሮሮዋ ነጥላ የገዛችውን አልፈልገውም ልበላት?»

ወደ መሰላሌ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አሮጌው ስልክ እስከ መጨረሻው ጠፋ። ጋሼ ባትሪ መሙያ ሰካ፣ ነቀለ፣ ቁልፏን ደጋግሞ ተጫነ፤ ወይ ፍንክች። እሱን ትቶ ወደ ሥራው ዞረ። ጥቂት ቆይቶ የሆስፒታሉ መስመር ጮኸ፤ አነሳውና እንደ ልማዱ «ሆስፒታል ነው፣ ማንን ላገናኝዎት?» አለ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ብሩሼን ግድግዳው ላይ እንዳሳረፍኩ ቀረሁ።

የደወለችው ልጁ ናት። በኋላ ራሷ እንደነገረችኝ፣ ስልኩን አራት ጊዜ ሞክራ ዝግ ሲሆንባት ሐሳብ ገብቷት ነው። «አባዬ፣ አንተው ነህ? ደህና ነህ? አዲሱ ስልክ ተበላሸ እንዴ?» አለችው።

«ደህና ነኝ» አለ ጋሼ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አዲሱ አልተበላሸም። የጠፋው አሮጌው ነው።»

«በአሮጌው ምን ትሠራለህ?»

ውሸት ሊናገር ሲሞክር ከአንገቱ ጀምሮ እንደሚቀላ አውቃለሁ፤ ቀላ፣ ከዚያ ተወው።

«ልጄ፣ ስልክሽ አልሆነኝም። ለሚያይ ሰው የተሠራ ነው። ጠርዝ የለውም፣ ቁልፍ የለውም፣ የምይዘው ነገር የለውም። ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው የደበቅሁሽ።»

ቅር ብሏታል። «ለምን አልነገርከኝም? እኔ ባዕድ ነኝ?» ብላ ጮኸችበት፤ ጩኸቱ ከማዳመጫው አልፎ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማኝ።

ጋሼም ድምፁ ጠነከረ። «አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም? ሱቅ ሄጄ፣ አምስት ስልክ ዳስሼ፣ የምፈልገውን መርጬ ነበር። መርጫለሁ! ማንም ሳይነግረኝ፣ ራሴ!»

ሌላ መስመር ጮኸ። «ትንሽ ጠብቂኝ» ብሏት አንድ ሰው ከላቦራቶሪ ጋር አገናኘ፤ ሌላውን ከካርድ ክፍል ጋር አገናኘ። ተመልሶ ሲያነሳው እያለቀስኩ ነበር ብላኛለች። እሷ ግን መሐንዲስ ናት፤ እንባዋን ጠርጋ ወዲያው ወደ ጉዳዩ ገባች።

«እሺ፣ የትኛውን ነበር የመረጥከው? ለምን እሱን? አንድ በአንድ ንገረኝ።»

ነገራት። በየመሐሉ ሰው እያገናኘ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ነገራት። እኔ በዚያን ጊዜ ውስጥ አንዲት ክንድ ግድግዳ እንኳ አልቀባሁም፤ አለቃዬ መጥቶ እስኪቆጣኝ ድረስ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በአውቶቡስ መጣች። ሦስታችንም ወደ ሦስተኛው ሱቅ ሄድን። ባለቤቷ ገና ከበር ስታየን «ጠበቅኩዎት፣ ጠበቅኩዎት፣ ቀሩ!» አለች። ወፍራሙን ባለፈው ሐሙስ ሸጠችው፤ አስመጪውም ከእንግዲህ አይመጣም ብሏታል። የቀረው ከባዱ ነው።

ልጅቷ ፊቷ ወደቀ። «ሌላ ሱቅ እንፈልግልሃለን አባዬ፤ ከተማውን ማዳረስ ቢኖርብንም።»

ጋሼ ከባዱን አንስቶ ዳሰሰው። ሁለቱን ቁልፎች ተጭኖ ቀሰቀሰው፣ ፍጥነቱን ከፍ አደረገ፣ መልእክት ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ።

«አያስፈልግም» አለ። «ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። ሁለተኛም ቢሆን ምርጫው የእኔ ነው።»

እቃው እስኪዘጋጅ ልጅቷ ከአባቷ የተቀበለችውን ወርቃማ ስልክ ከቦርሳዋ አውጥታ የራሷን ሲም ካርድ ከተተችበትና «እንዴት እንደምትጠቀምበት አሳየኝ» አለችው። አንባቢውን ከፈተላት፤ ዓይኗን ጨፈነች። ለእናቷ «ደርሰናል» የሚል አንዲት ቃል ልትልክ ሩብ ሰዓት ፈጀባት፤ ቃሉም «ደርሰሃል» ሆኖ ለእኔ መጣ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲያንጫርር ሴትዮዋ ከሳቋ ብዛት መነጽሯን አወለቀች። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗን ከፍታ አባቷን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «ይሄንን እኔ እጠቀምበታለሁ፤ የኔን አሮጌ ለአጎቴ እሰጣለሁ» አለች። አጎቷ እኔ ነኝ፤ ተቃውሞ አልነበረኝም።

ከወር በኋላ ስለ አዲሱ ስልክ ጠየቅሁት። ጋሼ አያጋንንም።

«ባትሪው ሁለት ቀን ይቆያል። ጣቴን ባስነካሁት ቁጥር ያውቀኛል። የባንኩ አፕ ገብቷል። ግን ይከብዳል፤ የሸሚዜን ኪስ ወደ ታች ጎትቶ ሊቀድደው ነው። ድምፁም የሰባኪ ድምፅ ነው፤ የአውቶቡስ ቁጥር ሲያነብልኝ አሜን ልል ይቃጣኛል።»

ይህን እየነገረኝ ስልኩ ጮኸ። ልጁ ናት፤ በመጪው ወር ልትመጣ ስላሰበች ምን እንደምታመጣለት ልትጠይቀው ነው። ጋሼ አሰበ፣ አሰበና «ጫማ» አላት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠና ምን ዓይነት ጫማ እንደሆነ፣ ሶሉ ምን ያህል መሳሳት እንዳለበት፣ ማሰሪያው ለምን ክብ ገመድ መሆን እንደሌለበት ያስረዳት ጀመር። እኔ ቀለም የምቀባው ቤት ይጠብቀኝ ስለነበር፣ ተረከዙ ላይ ሲደርሱ ትቻቸው ወጣሁ።